ሰባተኛው ስም

ከሐይቅ ከተማ ደብዳቤ መጣልኝ፤
«የአክስትህን የዘር ሐረግ ጻፍልን» አለኝ።
«ከመስከረም ወዲያ በስሟ ሊጠራ
ነውና ትምህርት ቤቱ፣ ድንጋይ ልናሠራ፣
ሰባት ቤት ይበቃል፤ አሳጥረህ ላክልን፤
በአባት በኩል ብቻ፣ ቦታው ጠቧልና ይቅርታ አድርግልን።»

ስድስት ልብ ወለድ የጻፈች ሴት ናት፤
ኮምቦልቻ ቁልቁለት፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ሁለት እናት
የመጽሐፏን ሰው እንደ ጎረቤት ሲያሙት ሰምቻለሁ፤
«አምናም አጭበርብሯል!» ሲባል ዝም ብያለሁ።

ተቀመጥሁ ጎቤያ፣ ካባቴ ቤት ደጃፍ፣
ሰባት ሰው አሰልፌ ባንድ መስመር ልጽፍ።

የሺመቤት ሙሔ። ሙሔ የይመር ልጅ፤
የባቲ በቅሎ ደላላ፣ የሁሉ ሰው ወዳጅ።
ይመር የእንድሪስ ልጅ፤ ቢስቲማ የቀራ፣
የእጅ ጽሑፉ ያምር ነበር ይላሉ ሲወራ።
እንድሪስ የማን ልጅ? የወልደሥላሴ።
(ወሎን ያላወቀ እዚህ ላይ ይገረም፤ እኔ ግን ለራሴ
ትዝ የሚለኝ ጓዳ፣ ሁለት ቢላ ያለው፤
አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ ሲያርድ የኖረ ነው።)
ወልደሥላሴ የአምባዬ፣ አምባዬ የክንፈ፤
ክንፈ የዘሐይቅ።
ብዕሬ እዚህ አረፈ።

ይህን ስም አውቃለሁ።
አክስቴ ነግራኛለች፣ ደሴ ሆስፒታል፣ በሞተችበት ክረምት፣
ሳል እያቋረጣት፣ እየሳቀችበት፦

«ባላባት መስለንህ? አይደለንም፣ ስማ፤
ክንፈ መጤ ነበር፣ መወርወሪያና ሸማ
ይዞ የደረሰ፤ ከየት? እግዜር ይወቅ።
የረገጣት መሬት፣ ያቺ የሐይቁ ዳር ጭቅጭቅ፣
በእንድሪስ ዘመን ዋርካ ሥር ደረሰች፤
ሙግቱ ክረምት ጠባ፣ ጤፏም አሸተች።

"ተጠየቅ!" አለው ባላጋራው፣ "አቅኚ አባትህን ጥራ!"
እንድሪስ ቆጠረ፣ አባቱን፣ አያቱን፣ በተራ፤
ክንፈ ላይ ሲደርስ ምራቁ ደረቀ፤
ዳኛው አዛጋ፤ ሕዝቡ ሳቀ።
ያኔ ነው ከሴቶቹ መሐል እናቱ ሩቅያ፣
መስጊድ እንጂ ደብር የማታውቀዋ፣ ብድግ ያለችው ከዚያ፤
ዓይኗን ወደ ውሃው ጥላ አንድ ጊዜ፣
"ዘሐይቅ ነው!" አለች፣ በግዕዝ፣ ያለ አንድ ትካዜ።

ከዚያማ ማን ያቁማት?
ነጭ ፈረስ ሰጠችው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ፣
የተገነዘበትን ኩታ ጥለት እንኳ ሳትረሳ፤
ከሽማግሌዎቹ አንዱ "አያቴ ያውቀው ነበር" ብሎ አለቀሰ፤
ፍርዱም ላልተወለደ ሰው የልጅ ልጅ ደረሰ።

"ከማን ወረስሽው?" ብለውኝ ጋዜጠኞች መጡ፤
"ካባቶቼ" አልኋቸው፤ ጽፈው ጽፈው ወጡ።
እኔም ዋሸሁ፤ ምን ይደረግ፣ ዘር ነው።»

(የእናቷ የደላንታ ወገን፣ እነ ድጓ መሪ፣ አልተጠየቁም።
ቦታ ጠቧል።)

ላክሁላቸው። ሰባቱን ደረደርሁ።
ዘሐይቅን አልሠረዝሁም፤ እንዴት ደፍሬ እሠርዛለሁ?
መሬት አስገኝቷል፤ አብልቶ አሳድጓል፤
ከተወለዱት ስንቱ እንደሱ አድርጓል?
አንድ መስመር ብቻ፣ ከስሙ ሥር ያለውን
ባዶ ተዉልኝ አልሁ፤ ለማን መሆኑን
አልጻፍሁም።

በኅዳር ሄጄ አየሁት፤ ድንጋዩ ቆሟል፣
ሐይቁን ፊት ለፊት ያያል፤ ወርቅ ቀለሙ ከወዲሁ ተልጧል፤
ባዶዋ መስመር ላይ ልጆች ማስቲካ ለጥፈዋል።
አንዲት ተማሪ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት፣
«እዚህ ጋ ማን ነበር?» አለችኝ።
ውሃውን አየሁት።